ዕድሜ ብቻውን አይፍረድ፦ የጡት ካንሰር ሕክምናና በሕይወት የመቆየት ዕድል በአረጋውያን እናቶች

(በአብነት ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ በሽታና ስለ አንድ የዕድሜ ክልል ነው። በሽታው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ የዕድሜው ክልል ከ65 ዓመት በላይ ያለው ነው። ስለ ጡት ካንሰር በሀገራችን ብዙ ይነገራል፤ ንግግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ልጆቻቸውን ገና በማሳደግ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ወደ ሆስፒታሎቻችን ከሚመጡት ታካሚዎች የሚበዙት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ከዚህ ወጥተን በአብነት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ብንሄድ፣ ከመርካቶ ጋር አብረው ያረጁ፣ በርበሬና ቅመም፣ ቅቤና ሸማ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን ያሳለፉ እናቶችን በየበሩ እናገኛለን። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ዛሬ ጡታቸው ላይ እብጠት ቢያገኙ ምን ዓይነት ሕክምና ይገባቸዋል? ሕክምናውስ ዕድሜያቸውን ያረዝመዋል ወይስ ቀሪ ዘመናቸውን ያውከዋል?

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዕድሜ የሕክምናው ዳኛ ሊሆን አይገባም። ውሳኔው ሊመሠረት የሚገባው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ በዕጢው ጠባይና በደረሰበት ደረጃ፣ በታካሚዋ አካላዊ አቅም፣ እንዲሁም በራሳቸው በታካሚዋ ፈቃድ። ዕድሜ ስለ እነዚህ ሦስቱ ምስክርነት ሊሰጥ ይችላል፤ ፍርዱን ግን ብቻውን ሊሰጥ አይችልም። የሚቀጥለው ንግግሬ ይህን ሐሳብ በማስረጃ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

43 የሚለው ቁጥር የሚሸፍነው

በመጀመሪያ ከራሳችን መረጃ እንነሣ። በአዲስ አበባ ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ መቀመጫውም የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ምዝገባው እንዳሳየው በከተማችን ሴቶች ላይ ከሚታወቁት ካንሰሮች አንድ ሦስተኛው ያህል የጡት ካንሰር ነው። የማሕፀን በር ካንሰር በሁለተኛ ደረጃ ይከተላል።

ከምዝገባው መጀመር በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1070 የጡት ካንሰር ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። እነዚህ ሴቶች በዕድሜ ቅደም ተከተል ቢሰለፉ መካከል ላይ የምትገኘው የ43 ዓመት ሴት ናት። ታናሺቱ 20፣ ታላቂቱ ደግሞ 88 ዓመታቸው ነበር። በአሜሪካ ተመሳሳይ ሰልፍ ቢሠራ መካከል ላይ የምትቆመው ከ60 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ናት። ከዚህ ልዩነት በመነሣት ብዙ ሰዎች «የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ የወጣቶች በሽታ ነው» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ። ድምዳሜው በከፊል እውነት አለው፤ በከፊል ግን የስሌት ስሕተት ነው።

ስሕተቱን በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። አንድ ሺህ የአርባ ዓመት ሴቶች የሚኖሩበት አንድ መንደር አለ እንበል፤ ከእነርሱም 10 ታመሙ። በአጠገቡ ባለ ሌላ መንደር ደግሞ መቶ የሰባ ዓመት ሴቶች ይኖራሉ፤ ከእነርሱ 2 ታመሙ። በሆስፒታሉ ደጃፍ የቆመ ሰው 10 ወጣቶችንና 2 አረጋውያንን ያያል፤ በሽታው ወጣቶችን እንደሚመርጥም ያስባል። ነገር ግን በመጀመሪያው መንደር የታመመችው ከመቶ አንዷ ስትሆን፣ በሁለተኛው መንደር ከመቶ ሁለቱ ናቸው። ሆስፒታል የሚቆጥረው የመጡትን ነው፤ የመጡትን ካልመጡት ጋር አያነጻጽርም።

ኢትዮጵያ ወጣት ሕዝብ ያላት ሀገር ናት። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነው የሕዝባችን ክፍል ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በሽታው በአረጋውያን ላይ የሚያደርሰው አደጋ ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ፣ በሆስፒታል ሰልፍ ውስጥ የሚታዩት አረጋውያን ቁጥር ዝቅተኛ መሆኑ አይቀርም። በዚህ ላይ ሁለተኛ ምክንያት ይጨመራል፦ አረጋውያን ሴቶች ከነጭራሹ ወደ ሆስፒታል ላይመጡ ይችላሉ። ያልመጣ ሰው አይመረመርም፤ ያልተመረመረም በጥናት ውስጥ አይቆጠርም። እንግዲህ 43 የሚለው ቁጥር ስለ በሽታው ከሚናገረው ባልተናነሰ ስለ ሕዝባችን አወቃቀርና ስለ ሆስፒታሎቻችን በር ይናገራል። የሰው ዕድሜ እየረዘመ በሄደ መጠን ደግሞ የአረጋውያኑ ቁጥር ማደጉ የማይቀር ነው።

የዕጢው ጠባይ

ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም፤ የጡት ካንሰርም ቢሆን አንድ በሽታ አይደለም። የሕክምናውን አቅጣጫ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የዕጢው ሕዋሳት የሆርሞን ተቀባይ ያላቸው መሆን አለመሆናቸው ነው። ተቀባዩን እንደ በር ቁልፍ ቀዳዳ ልታዩት ትችላላችሁ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ሕዋሱን «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ቀዳዳውን በመድኃኒት መድፈን ወይም ሆርሞኑን ማጥፋት ከተቻለ ትእዛዙ ይቋረጣል። ይህ ተቀባይ የሌለው ዕጢ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት አይበገርም።

በሀገራችን ለረጅም ጊዜ አፍሪካውያን ሴቶች የሚያዙበት የጡት ካንሰር አብዛኛው ተቀባይ የሌለው እንደሆነ ይታመን ነበር። በጥቁር አንበሳ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ምርመራ ያሳየው ከዚህ የተለየ ነበር፤ ከመቶ 65 ያህሉ ዕጢዎች የኢስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በዓለም ዙሪያ እንደሚታወቀው ደግሞ የሴቲቱ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ዕጢው ተቀባይ ያለው የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ በአረጋውያን ዘንድ ከአምስቱ አራቱ ያህል እንዲህ ዓይነት ናቸው። የእነዚህ ዕጢዎች ዕድገትም ብዙውን ጊዜ ዝግ ያለ ነው።

የዚህን ትርጉም አስተውሉ። «አርጅተዋልና አይታከሙ» የምንላቸው እናት፣ በቀን አንድ ጊዜ በሚዋጥ ርካሽ ክኒን ሊረዱ የመቻላቸው ዕድል ከወጣቷ ይልቅ የሰፋ ነው። ይህን ለማወቅ ከዕጢው በመርፌ ናሙና ወስዶ በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ማስመርመር ያስፈልጋል። በሐኪም ማኅደር ላይ «ዕድሜ 74» ተብሎ ተጽፎ የተቀባዩ ውጤት ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ፍርዱ የተሰጠው ዋናው ማስረጃ ሳይቀርብ ነው።

ዕድሜና አቅም

ሁለተኛው መሠረት የታካሚዋ አቅም ነው። ይህንንም በሁለት እናቶች ምሳሌ እንመልከተው፤ በእውን የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም፤ ለትምህርት ያህል የቀረጽናቸው ናቸው። ሁለቱም 74 ዓመታቸው ነው። የመጀመሪያዋ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጪ ናቸው፤ ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ፤ ከመጠነኛ የደም ግፊት በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም። ሁለተኛዋ ከአልጋ ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋሉ፤ ልባቸው ደክሟል፤ ስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን ጎድቷል፤ የልጆቻቸውንም ስም መርሳት ጀምረዋል። በመታወቂያቸው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ካልታከመ የሚገድላቸውም ካንሰሩ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛዋን ግን ካንሰሩ ገና ክፉ ነገር ሳያደርስባቸው ልባቸው ሊቀድማቸው ይችላል።

በሕክምናው ዓለም ይህን ልዩነት ለመለየት የአረጋውያን ሁለንተናዊ ምዘና የሚባል ስልት አለ። ምዘናው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ የሚሹ አይደሉም። እናት ራሳቸው ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ? ምግብ ያበስላሉ? ባለፉት ስድስት ወራት ወድቀው ያውቃሉ? ክብደታቸው ቀንሷል? ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ? ያስታውሳሉ? ይተክዛሉ? ቤት ውስጥ ማን አለ? ከወንበር ተነሥተው ጥቂት ሜትር ሄደው ተመልሰው ለመቀመጥ ስንት ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል? ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ወንበር፣ አንድ ሰዓትና የሚያዳምጥ ሰው ነው። በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። በኢትዮጵያ የሴቶች አማካይ ዕድሜ ሲወለዱ 70 ዓመት ገደማ ነው ስለተባለ፣ የ70 ዓመት እናት ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ማለት አይደለም። ያ አማካይ በጨቅላነት የሞቱትንም የሚጨምር ነው። ያን ሁሉ አልፈው ለ60 ዓመት የበቁ ኢትዮጵያዊት በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ገና ይቀራቸዋል፤ ለ70 የበቁም ከአሥር ዓመት የማያንስ ዕድሜ ሊኖሩ ይችላሉ። የጡት ካንሰር ተመልሶ የሚያገረሸው በአብዛኛው በዚህ የጊዜ ርዝመት ውስጥ በመሆኑ፣ ሕክምናው ትርጉም አለው።

ሕክምናዎቹ አንድ በአንድ

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉ፦ ቀዶ ሕክምና፣ የሆርሞን ሕክምና፣ የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ።

ቀዶ ሕክምና። የጡት ቀዶ ሕክምና ሆድ ወይም ደረት ከሚከፈትባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ የሞት አደጋውም አነስተኛ ነው። አቅም ያላቸው አረጋውያን በአመዛኙ በደኅና ይቋቋሙታል። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ የሆኑና ተቀባይ ያለው ዕጢ የተገኘባቸው ሴቶች ላይ ቀዶ ሕክምናን ከሆርሞን ክኒን ብቻ ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተደርገዋል። በጠቅላላው በሕይወት በመቆየት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ያገኙት ሴቶች በሽታው በጡታቸው ላይ እንደገና እንዳያድግ በተሻለ ሁኔታ ተጠብቀዋል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አቅም ላላቸው እናት ቀዶ ሕክምናው ሊነፈጋቸው አይገባም፤ ምክንያቱም ቆዳን ፈንቅሎ የሚወጣ፣ የሚደማና የሚሸት ቁስል ከመከራዎች ሁሉ የከፋ ነው። አቅም ለሌላቸው ደግሞ ክኒኑ ባዶ ማጽናኛ ሳይሆን እውነተኛ ሕክምና ነው። ዕጢው ትልቅ ከሆነም ለተወሰኑ ወራት ክኒኑን አስቀድሞ በመስጠት ማሳነስና ከዚያ ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ ይቻላል።

የሆርሞን ሕክምና። ታሞክሲፌን የተቀባዩን ቀዳዳ የሚደፍን መድኃኒት ነው። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠናቀረ ትንተና እንዳረጋገጠው፣ ተቀባይ ያለው ዕጢ ያለባቸው ሴቶች ለአምስት ዓመት ታሞክሲፌን ቢወስዱ በጡት ካንሰር የመሞት አደጋቸው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ክኒኑ ከቆመ በኋላ ለዓመታት ይዘልቃል። ከእነዚህ በተለየ መንገድ የሚሠሩ፣ ሌትሮዞልና አናስትሮዞል የሚባሉ መድኃኒቶችም አሉ። ሴት ካረጠች በኋላ ኢስትሮጅን የሚመረተው በእንቁልጢ ሳይሆን በዋናነት በስብ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ያንን ምርት ያቆሙታል። በሽታው እንዳያገረሽ በመከላከል ከታሞክሲፌን ጥቂት ይሻላሉ፤ ነገር ግን አጥንትን ያሳሳሉ። ታሞክሲፌን በበኩሉ በእግር ሥር ደም የማርጋትና አልፎ አልፎም የማሕፀን ካንሰር የማስከተል አደጋ አለው። ስለዚህ ካረጡ በኋላ ደም ያዩ እናት «ያው የእርጅና ነገር ነው» ብለው ሳይተዉት ወዲያው መታየት አለባቸው። የእግር እብጠትና ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርም እንደዚሁ።

የጨረር ሕክምና። እዚህ ላይ የምርምር ውጤቶቹን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ትንሽና ተቀባይ ያለው ዕጢ የተገኘባቸው 636 ሴቶች ዕጢው ብቻ ተቆርጦላቸው ታሞክሲፌን ተሰጣቸው፤ እኩሌቶቹ ጨረር ሲጨመርላቸው እኩሌቶቹ አልተጨመረላቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ በሽታው በጡታቸው ላይ ያልተመለሰባቸው፣ ጨረር ካገኙት 98 ከመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 90 ከመቶ ነበሩ። በሕይወት የቆዩት ግን በሁለቱም ወገን እኩል ያህል ነበሩ፦ 67 እና 66 ከመቶ። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ 1326 ሴቶችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2023 የአሥር ዓመት ውጤቱ የታተመው በብሪታንያ የተመራ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ከዚህ በመነሣት ለእንዲህ ዓይነት ሴቶች ጨረርን መተው እንደሚቻል በብዙ ሀገሮች መመሪያዎች ተቀባይነት አግኝቷል።

ነገር ግን ይህ ማስረጃ የተሰበሰበው ዕጢያቸው ገና ትንሽ ሳለ ከታወቀላቸው ሴቶች ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስሁት የጥቁር አንበሳ ጥናት ውስጥ ከአሥሩ ታካሚዎች ሰባቱ ያህል የመጡት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ነው፤ ዕጢው አድጎ፣ የብብት ንፍፊቶችን ይዞ። ለእነርሱ ጨረር መተው ማስረጃ የሌለው ቅነሳ ነው። በሌላ ሀገር የሚቀነሰው ሕክምና እንዲቀነስ የተወሰነው በምርምር ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚቀነሰው ግን ብዙ ጊዜ በሰልፍ ርዝመት ነው። የጥቁር አንበሳ ማዕከል ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመላ ሀገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ኖሯል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሰሉ ከተሞችም አገልግሎቱ ተጀምሯል። ተስፋ የሚሰጥ ሌላ ነገርም አለ። ከ4000 በላይ ታካሚዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ለሦስት ሳምንት በ15 ጊዜ የሚሰጠውን ጨረር በአንድ ሳምንት በአምስት ጊዜ መስጠት ከበሽታው መመለስ በመከላከል ረገድ እንደማያንስ አረጋግጧል። ለተስማሚ ታካሚዎች ይህ ለማሽኑም፣ ከሩቅ ለሚመጡ እናትም ትልቅ ዕፎይታ ነው።

ኬሞቴራፒ። በዚህ ረገድ ዕድሜ ክብደት አለው፤ የአጥንት መቅኒ፣ ልብና ኩላሊት ከዕድሜ ጋር ይደክማሉና። ሆኖም ቀለል ያለ መድኃኒት ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ለሆኑ 633 ሴቶች መደበኛውን ኬሞቴራፒና በአፍ የሚወሰድ ቀላል የኬሞ ክኒን አነጻጽሯል። ክኒኑን የወሰዱት በሽታው የተመለሰባቸውም ሆነ የሞቱት ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነበር። ጉዳቱ በይበልጥ የታየው የሆርሞን ተቀባይ በሌላቸው ዕጢዎች ላይ ነው። እንግዲህ ተቀባይ ለሌለው ዕጢና አቅም ላላቸው እናት መደበኛው ሕክምና ይገባል፤ ተቀባይ ላለው ዝግተኛ ዕጢ ግን ኬሞቴራፒ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ሊበዛ ይችላል።

በሕይወት መቆየት ሲባል

ተማሪዎች በጥናቶች ውስጥ «በሕይወት የመቆየት ምጣኔ» የሚለውን ሐረግ ስታነቡ፣ ሞቱ በምን ምክንያት እንደሆነ ጠይቁ። ቀደም ሲል በጠቀስሁት የ636 ሴቶች ጥናት ክትትሉ እስኪታተም ድረስ 334ቱ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በጡት ካንሰር የሞቱት 21 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በልብ፣ በአንጎል ደም ሥር መታወክና በመሳሰሉት ነው። ስለዚህ ስለ አረጋውያን ስንናገር ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉናል፦ በጠቅላላው ስንቶቹ ኖሩ የሚለውና ከካንሰሩ ስንቶቹ ዳኑ የሚለው። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ሰው ሕክምናው አልጠቀመም ሊል ይችላል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያየ ደግሞ የደም ግፊታቸውን ሳይከታተል ካንሰራቸውን ብቻ ያክም ይሆናል።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ከዕድሜ ይልቅ በሕይወት የመቆየትን ዕድል የሚወስነው የደረጃው ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። በጥቁር አንበሳው ጥናት በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ከመጡት ሴቶች በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሳይሠራጭባቸው የመቆየት ዕድላቸው 72 ከመቶ ነበር። በሦስተኛ ደረጃ ላይ በመጡት ዘንድ ግን 33 ከመቶ ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ፣ መድኃኒቱና ሕንጻው አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በመጡበት ጊዜ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር በዚህ ጥናት ውስጥ በአኃዝ ተጽፎ ይገኛል።

ሌላም ጉድለት አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ከጡት ካንሰር ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ፣ በመድኃኒት ሙከራዎች ውስጥ የተካተቱት አረጋውያን ግን 9 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በሀብታም ሀገር እንዲህ ከሆነ፣ ለኢትዮጵያውያን አረጋውያን የምንሰጠው ምክር ምን ያህሉ ከሌላ ሰው አካል የተበደረ እንደሆነ መገመት አይከብድም። ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች ይህ ክፍት ሜዳ ነው።

በዝምታ የሚሰጡ ሦስት ፍርዶች

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሳይንሱ ነው። በተግባር ግን እናቶቻችን ሕክምና የሚያጡት ሳይንሱ ስላልተገኘ ብቻ አይደለም፤ ማንም ጮክ ብሎ ሳይናገር የሚሰጡ ሦስት ፍርዶች አሉ።

የመጀመሪያው የራሳቸው የእናቶች ፍርድ ነው። «ዕድሜ ጠግቤአለሁ፤ ለልጆቼ ሸክም አልሁን» ይላሉ። እብጠቱ ስለማያማቸውም ዝም ይላሉ። የጡት ካንሰር በመጀመሪያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሕመም አለመኖሩ ደኅንነት አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» መባሉ ለዚህ ነው። ጸበል የሚሄዱም አሉ። ጸበሉን ከክኒኑ ጋር ማጋጨት አያስፈልግም፤ በኤችአይቪ መድኃኒት ዘመን ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በቤተ ክርስቲያን አባቶች ዘንድ ተመክሯል። ታሞክሲፌን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚዋጥ ስለሆነ፣ የሚጾሙ ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም እናቶች ከጾሙ ሰዓት በኋላ ሊወስዱት ይችላሉ።

ሁለተኛው የልጆች ፍርድ ነው። ልጆች ውጤቱን ተቀብለው «ለእማዬ እንዳይነገራት፤ ትደነግጣለች» ብለው ሐኪሙን ይማጸናሉ። ፍቅር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ምን እንደታመሙ ያልተነገራቸው እናት ለአምስት ዓመት በየቀኑ ክኒን የሚውጡት ለምን ብለው ነው? ምንም አያመኝም ብለው በስድስተኛው ወር ቢተዉት ማን ይፈርድባቸዋል? የተሻለው መንገድ ሐኪሙ እናትን «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት እንዲሰማ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እናት «ለልጄ ንገሩልኝ» ካሉ ያ የራሳቸው ፈቃድ ነው፤ ከእርሳቸው የተሰወረ ውሳኔ አይደለም።

ሦስተኛው የባለሙያ ፍርድ ነው። ሰልፉ ረጅም፣ አልጋው ጥቂት ሲሆን፣ ሐኪም ሳይታወቀው ለወጣቷ ያደላል። የአቅርቦቱ ማነስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅድሚያ መስጠት ግድ ከሆነ መስፈርቱ በግልጽ ይጻፍ፤ የተቀባዩ ውጤትና የአቅም ምዘናው በማኅደሩ ውስጥ ይኑር። የተጻፈ ውሳኔ ሊመረመርና ሊታረም ይችላል፤ በልብ ያደረ ውሳኔ ግን ማንም አያርመውም።

ከዚህ ከአብነት እስከ ጥቁር አንበሳ ያለው መንገድ በታክሲ አጭር ነው። ለአንዲት አረጋዊት ግን የመንገዱ ርዝመት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ ማን ይዟቸው እንደሚሄድ፣ ወረፋው ላይ ማን እንደሚቆምላቸው፣ የምርመራውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ነው የሚለካው። በዚህ ሰፈር ለዚህ የሚሆን ተቋም አለን፤ እድር ይባላል። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቀብር ያስፈጽማል። አባሉ በሕይወት ሳሉ የናሙና ምርመራና የትራንስፖርት ወጪ ቢሸፍን፣ የከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ አረጋውያኑን ስለ ጡታቸው ቢጠይቁ፣ ለቀብር የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለሕይወት ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ካንሰርን ከቤተሰብ ኀዘን ወደ ሕዝብ ጉዳይ ለማምጣት የሠራው ሥራ፣ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ በእኛው ሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከዚህ ስትወጡ አራት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። አረጋዊት እናት የጡት እብጠት ሲኖራቸው ናሙና ይወሰድ፤ የሆርሞን ተቀባዩ ይታወቅ። ከመታወቂያቸው ይልቅ አቅማቸው ይመዘን። በሌላ ሀገር ለትንሽ ዕጢ የተፈቀደውን ቅነሳ በእኛ ሀገር ለትልቅ ዕጢ አንዋስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እርሳቸው ይጠየቁ። ሁሉንም ሕክምና አልፈልግም ካሉ፣ አውቀው ካሉት ክብር ይሰጠው፤ ሕመማቸውን ማስታገስና ቁስላቸውን መንከባከብ ግን አይቋረጥ። ልኑር ካሉም፣ ሰባ ዓመት ሠርተው ያኖሩንን እናት «ዕድሜዎ አልፏል» ብለን የምንመልስበት ሳይንስ የለንም።